«ያመነ አያለቅስም» እና ሌሎችም፦ ከክፉ ዘመን በኋላ ስለ ተስፋ የሚነገሩ ስሕተቶች

ጎንደር ላይ ሐዘን የገባበት ቤት ሰው አያጣም። ዕድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮው ይዞራል፣ የሚገባው ሁሉ «እግዜር ያጥናችሁ» ይላል። ከባዱ ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ ያለው ጊዜ ነው። በሞት፣ በመፈናቀል፣ በረዥም ሕመም የተጎዳ ሰው ቀና ለማለት ሲሞክር ምክሩ ከየአቅጣጫው ይመጣል። ብዙው ምክር መንፈሳዊ ይመስላል እንጂ ከመጽሐፉም ከቤተ ክርስቲያኑ ሥርዓትም አይገጥምም።

«ያመነ አያለቅስም»

ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች ሲጽፍ (1ኛ ተሰ. 4፥13) ተስፋ እንደሌላቸው ሰዎች አትዘኑ አለ እንጂ ጨርሶ አትዘኑ አላለም። ጌታ ራሱ አልዓዛርን ሊያስነሣው እንደሆነ እያወቀ አለቀሰ። ዳዊት የሚደግም ሰው መዝሙር 87ን (በሌላው አቆጣጠር 88) ያውቀዋል። በምስጋና የማይዘጋ፣ እስከ መጨረሻው ጨለማ ውስጥ የሚቆይ መዝሙር ነው፤ እሱም ከሌሎቹ እኩል ይደገማል።

ልብ ሲከብድ ደስ የሚል ጥቅስ ፍለጋ ከመሄድ መዝሙር 12ን (13) ድምፅ አውጥቶ ማንበብ ይሻላል። አጭር ነው፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። «እስከ መቼ?» እያለ ይጀምርና መጨረሻ ላይ ወደ መታመን ይዞራል። ሰው የሚሳሳተው የፊተኛውን ግማሽ ዘልሎ ወደ ኋለኛው ሲሮጥ ነው። አምላኩ ፊት ያላወጣውን ቅሬታ ማታ ቤቱ ገብቶ በልጆቹ ላይ ያወጣዋል።

«ኃጢአት ቢኖርብህ ነው»

ደቀ መዛሙርቱም ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ይህንኑ ጠይቀው ነበር። መልሱ፣ እሱም ወላጆቹም አልበደሉም የሚል ነው (ዮሐ. 9፥3)። የኢዮብ ወዳጆችም ሰባት ቀን ዝም ብለው አብረውት መሬት ላይ እስከተቀመጡ ድረስ ጥሩ ወዳጆች ነበሩ፤ ነገሩ የተበላሸው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው።

ይህን ጎንደሬ ከሌላው ይልቅ ሊረዳው ይገባል። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሽ፣ የሱዳን መሐዲስት ጦር፣ ከተማዋን ሲያቃጥል አብዛኞቹ አብያተ ክርስቲያናት ነደዱ፤ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ተረፈ። ንቦች ወጥተው ጠላትን እንዳባረሩ እስከ ዛሬ ይተረካል፤ መተረኩም መልካም ነው። ግን ንብ ስላልወጣላቸው ደብሮች «ኃጢአት ቢኖርባቸው ነው» የሚል ጎንደሬ የለም። ለደብር ያልተባለው ለጎረቤት ለምን ይባላል?

«ተስፋ ማለት በቅርቡ ይስተካከላል ማለት ነው»

«ለእናንተ የማስባትን አሳብ እኔ አውቃለሁ» የሚለው ኤርምያስ 29፥11 በስልክ ሲላላክ ይውላል። ከሱ በፊት ያለው ቁጥር ግን «ሰባ ዓመት» ይላል፤ እሱን የሚልክ የለም። ከፍ ሲል ደግሞ፣ ቁጥር 5 ላይ፣ ለተማረኩት ቤት ሠርታችሁ ተቀመጡ፣ አትክልት ተክላችሁ ፍሬውን ብሉ ይላቸዋል። በሁለት ዓመት ውስጥ ሁሉም ይመለሳል ብሎ ሕዝቡን ያስደሰተው ሐናንያ ነበር፤ በምዕራፍ 28 ኤርምያስ ሕዝቡን በሐሰት እንዲታመን አድርገሃል ይለዋል።

ይህ ስሕተት ኑሮ ላይ ጉዳት አለው። ተፈናቅሎ አንድ ክፍል ቤት የተከራየ ቤተሰብ «በቅርቡ እንመለሳለን» እያለ ልጁን ትምህርት ቤት ሳያስመዘግብ ዓመቱ ያልፋል። አባወራው አዲሱ ሰፈር ዕድር አይገባም፤ ክፉ ቀን ሲመጣ ቀባሪ ያጣል። ልጁን ማስመዝገብ፣ ዕድር መግባት፣ በጓሮ ጎመን መትከል ተስፋ መቁረጥ አይደለም። ኤርምያስ በደብዳቤው ያዘዘው ይህንኑ ነው።

ደብረ ብርሃን ሥላሴ የገባ ሰው አንገቱን ቀና አድርጎ ጣሪያውን የሞሉትን ዓይናቸው ትልልቅ መላእክት ያያል። ትንሽ ዝቅ ቢል፣ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ሥላሴ ከላይ፣ ስቅለቱ ከሥር ተሥለዋል። መላእክቱን እንጂ ስቅለቱን ፎቶ የሚያነሣ ብዙ አይታይም፤ ከኤርምያስም ተስፋው ይላካል እንጂ ሰባው ዓመት አይላክም።

«ከባድ ሱባዔ ካልያዝኩ አልታደስም»

ብዙ ሰው የሚሰበረው እዚህ ላይ ነው። ለወራት ጸሎት ያቆመ ሰው በአንድ ሌሊት ሙሉ ዳዊት፣ መቶ ስግደት፣ እስከ ማታ ጾም ይሳላል። በሦስተኛው ቀን ይወድቃል፤ «እኔስ አልሆንም» ብሎ ከጀመረበት በታች ይወርዳል። በዓለ ሃምሳ ውስጥ ስግደት የሚሳልም አለ፤ በነዚያ 50 ቀናት ግን ስግደትም ጾምም የለም።

ኤልያስ ሞትን ለምኖ ከክትክታ ዛፍ ሥር በተኛ ጊዜ (1ኛ ነገ. 19) መልአኩ ስግደት አላዘዘውም። ያቀረበለት እንጎቻና ውኃ ነበር። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ ቀሰቀሰው፤ መንገዱ ሩቅ ነውና ብላ አለው። የ40 ቀኑ ጉዞ የመጣው ከሁለተኛው ምግብ በኋላ ነው።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉን ከዚያ መውሰድ ይቻላል። መጀመሪያ እንቅልፍና ምግብ፤ በጾም ወቅት የታመመ፣ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ለንስሐ አባት ነግረው ፈቃድ ይቀበላሉ። ቀጥሎ ጠዋት አንድ መዝሙር፣ ማታ የዕለቱ ውዳሴ ማርያም። አንድ ንጉሥ፣ ማለትም 10 መዝሙር፣ ሲበረቱ ይደረስበታል። እሑድ ቅዳሴ መሄድ ነው፤ እስከ መጨረሻው ለመቆም ጉልበት ከሌለ ግድግዳ መደገፍ ነውር አይደለም። በሳምንት አንድ ጊዜ ደግሞ ከአንድ ሰው ጋር ቡና። ይህ ቀላል ይመስላል፤ ያዘነ ሰው መጀመሪያ የሚተወው ግን ይህንን ነው።

አንድ ቀን ቢያመልጥ ዕዳ አድርጎ በማግስቱ እጥፍ መጸለይ አያስፈልግም። ውዳሴ ማርያም ለሰባቱ ዕለታት የተከፈለ ነው፤ ማክሰኞ ያለፈው ረቡዕ የረቡዕን ያነባል።

«ጥምቀት ላይ ታጥቤ አዲስ እሆናለሁ»

ጥር 11 ጠዋት ፋሲል መዋኛ ተባርኮ ወጣቱ ዘሎ ሲገባ ማየት ያስደስታል። ከቀሃ ወንዝ የተሳበው ያ ውኃ በረከት አለው፤ ዳግመኛ ጥምቀት ግን አይደለም። ጥምቀት በ40 እና በ80 ቀን አንዴ ተፈጽሟል፤ በጸሎተ ሃይማኖትም «አንዲት ጥምቀት» እንላለን። ከዚያ በኋላ የሚያድሰው ንስሐ ነው።

ንስሐ አባት የሌለው በአጥቢያው ደብር ይጠይቅ። የበዓል ቀን ከቅዳሴ በኋላ ካህኑ በሰው ተከቦ ሳለ መቅረብ አይመችም፤ ቀጠሮ መያዝ ይሻላል። ከመሄድ በፊት በደልን ከደረሰብን በደል መለየት ያስፈልጋል። ተደብድቦ ወይም ተዘርፎ «በድያለሁ» የሚል ሰው አለ፤ እሱ የሚነገረው ለምክር ነው፣ ቀኖና (ካህኑ ለንስሐ የሚያዘው ጾም፣ ጸሎት ወይም ስግደት) የለበትም። የተሰጠው ቀኖና ለጉልበት ወይም ለሥራ ካልተመቸ ተመልሶ ማስለወጥ ይቻላል፤ ዝም ብሎ መተው ነው ሰውን ከንስሐ አባቱ የሚያሸሸው። ከዚያ ቁርባን ይከተላል፤ ለእሱም ከቅበላው በፊት 18 ሰዓት ይጾማል።

«ጸበል የጀመረ ኪኒን ያቆማል»

መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር፣ እሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይላል። አቡነ ጳውሎስም በፓትርያርክነታቸው ዘመን የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው እንደሚወሰዱ በይፋ ተናግረዋል። የሚጥል በሽታ ኪኒን በድንገት ሲቆም ግርሻው ከፊተኛው ሊከፋ ይችላል። የድብርት መድኃኒት ደግሞ ለመሥራት ሳምንታት ይፈጃል፤ በአሥረኛው ቀን «አልሠራም» ብለው የጣሉት ገና አልጀመረም ነበር።

ሐዘን ሁሉ ሕመም አይደለም። ነገር ግን እንቅልፍና ምግብ ማጣቱ፣ በምንም አለመደሰቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ያለ ፋታ ከቀጠለ ሐኪም ሊያየው ይገባል፤ ሞትን መመኘት ከመጣ ያን ያህል መጠበቅም አያስፈልግም። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና አለ። ጸበል የሚሄድ ሰው ለሚቆይበት ቀን ሁሉ የሚበቃ ኪኒን ከነማዘዣው ይያዝ፣ ለአጥማቂውም ለአስታማሚውም አስቀድሞ ይንገር። ኪኒኑን በጸበሉ መዋጥ ይችላል።