ዩኒሴክስ የጽጌረዳ ሽቶ ምንድን ነው?

እህቴ ከጅዳ ስትመጣ ያመጣችልኝን ሽቶ ከፍቼ ሳሸተው መጀመሪያ ከአፌ የወጣው "ይሄ የሴት አይደለም እንዴ?" ነው፣ ጽጌረዳ ጽጌረዳ ይላላ። እሷ ግን "እዛ እኮ ሽማግሌዎቹ ሁሉ ናቸው ሚቀቡት፣ ዝም ብለህ ሞክረው" ብላ አንገቴ ላይ አንዴ ነፋችብኝ። ማታ ሸሚዜን ሳወልቅ ጽጌረዳው አሁንም አለ፣ ግን ከስሩ እንጨት እንጨት ጭስ ጭስ ሚል ነገር ወጥቶ ልክ ዕጣን ሲጨስበት የዋለ ቤት መስሏል፣ የወንድ ነው የሴት ነው ሚለው ጥያቄ ራሱ ጠፋብኝ፣ በቃ ደስ ሚል ጠረን ነው።

ዩኒሴክስ ማለት ሰሪው ለወንድ ወይ ለሴት ብሎ ያልለየው ሽቶ ማለት ነው፣ ሌላ ሚስጥር የለውም። ውስጡ ሚገባ የተለየ ነገር የለም፣ ቆዳችንም የማንን ሽቶ እንደተቀባ አያውቅም። ክፍፍሉ በአብዛኛው የገበያ ነው፣ አውሮፓና አሜሪካ ጽጌረዳውን ለሴት፣ ላቬንደሩንና እንጨቱን ለወንድ እያሉ ብዙ ዘመን ሸጡ፣ ካልቪን ክላይን ሚባለው የአሜሪካ ፋሽን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1994 ሲኬ ዋን ሚባለውን ሽቶ ለሁለቱም ብሎ ሲያወጣ ትልቅ ወሬ የሆነውም ለዛ ነው። ዓረብ አገር ግን ወንዱ ጽጌረዳና ኡድ (ሙጫ ካፈራ እንጨት ሚወጣ ከባድ ጠረን) ተቀብቶ መስጊድ መሄዱ የቆየ ነገር ነው፣ ካዕባ ሲታጠብ እንኳን ከዘምዘም ውሃ ጋር የጽጌረዳ ውሃ ይገባል።

ጽጌረዳ ላይ የተሰራ ሽቶ ሲባል ደሞ የሽቶው ወገብ ጽጌረዳ ነው ማለት ነው። ሽቶ ስትረጩ መጀመሪያ ሚመጣው እንደ ሎሚ፣ እንደ ቁንዶ በርበሬ ያለው ቶሎ ይበናል፣ ከዛ መሀሉ ይመጣል፣ ጽጌረዳ ቤቱ እዚህ ነው፣ መጨረሻ ላይ ደሞ እንጨቱ፣ ሙጫው፣ ምስኩ ለሰዓታት ይቀራል። እና ጽጌረዳው ወዴት እንደሚያደላ ሚወስነው ጎረቤቱ ነው። ከጣፋጭ ፍራፍሬና ከቫኒላ ጋር ስታስቀምጡት ማርማላታ ማርማላታ ይላል፣ ሱቅ ውስጥ የሴት ተብሎ ሚሸጠው ብዙው እንደዛ ነው። ከኡድ፣ ከፓቹሊ (አፈር አፈር ሚል ቅጠል ነው)፣ ከተለፋ ቆዳ ጠረን፣ ከዕጣን ጋር ሲሆን ግን ይደርቃል፣ ይከብዳል። ለ ላቦ ሚባለው ሽቶ ሰሪ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው ሮዝ 31 ሚባል ሽቶ ውስጥ ከሙን አለ፣ አዎ ወጥ ውስጥ ምንጨምረው ከሙን፣ የኛ አፍንጫ ወዲያው ያውቀዋል። ዕጣንና ከርቤ እየሸተተ ላደገ ሰው እንዲህ ያለው ጽጌረዳ ጭራሽ እንግዳ አይሆንም ብዬ ነው ማምነው።

ግን ይሄን ስል አንድ ሰው "እኛ አገር ጽጌረዳ ሞልቶ የለም እንዴ፣ ለምን ከኛ አይሰራም?" አለኝ፣ ጥያቄው በጣም ጥሩ ነው። የዝዋይና የሆለታ ጽጌረዳ ለአበባ ማስቀመጫ ነው የተዳቀለው፣ ግንዱ ረጅም እንዲሆን፣ መንገድ ላይ እንዳይረግፍ፣ ሆላንድ ድረስ ትኩስ ሆኖ እንዲገባ፣ በዛ መሀል ጠረኑ ጠፍቷል፣ እቅፍ ሙሉ ገዝታችሁ ብታሸቱት ቅጠል ቅጠል ነው ሚለው። እ.ኤ.አ. በ2015 የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ጽጌረዳ ጠረኑን ሲሰራ ሚጠቀምበት አንድ ኢንዛይም አግኝተው ጠረን በሌላቸው ዝርያዎች ውስጥ ስራውን እንደማይሰራ አሳይተዋል። ለሽቶ ሚሆነው ዋናው የደማስቆ ጽጌረዳ ሚባለው ነው፣ ቡልጋሪያ ካዛንላክ፣ ቱርክ ኢስፓርታ፣ ሳውዲ ደሞ ጣኢፍ ተራራ ላይ ይበቅላል። ፀሐይ ሳይጠነክር ማለዳ በእጅ ነው ሚለቀመው ምክንያቱም ሙቀቱ ሲጨምር ዘይቱ ይበናል፣ 1 ኪሎ ዘይት ለማውጣት ከ3,000 ኪሎ በላይ አበባ ይፈልጋል! የጣኢፉ ዘይት ሚሸጠው ቶላ በምትባል ትንሽ መለኪያ ነው፣ አንድ ቶላ 11.7 ግራም አካባቢ ናት።

ስለዚ በርካሽ ዋጋ "ንጹህ የጽጌረዳ ዘይት" ካሏችሁ አትመኑ። ብዙ ሽቶ ውስጥ ያለው ጽጌረዳ ላብራቶሪ ውስጥ ከተሰሩ ነገሮች የተቀናበረ ነው፣ እሱ በራሱ ማጭበርበር አይደለም፣ በደንብ ከተሰራ ያምራል፣ ማጭበርበር ሚሆነው ስሙን ሲቀይሩት ነው።

አቀባቡ ላይ ልምከራችሁ። ወረቀት ላይ አሽትታችሁ አትግዙ፣ እጃችሁ ላይ አስነፍታችሁ ሱቁን ለቃችሁ ውጡ፣ ቡና ጠጡ፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጠብቁት፣ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ላይ ሳሙና ሳሙና ብሎ ያስጠላችሁ ጽጌረዳ በኋላ ሌላ ሰው ሆኖ ይመጣል። የሁለት እጃችሁን አንጓ እያጋጠማችሁ አትሹት። ቆዳችሁ ደረቅ ከሆነ ሽታ የሌለው ቫዝሊን ቀባ አርጋችሁ ላዩ ላይ ንፉ፣ ይቆያል። ኡድ ያለበት ከሆነ ለቢሮ ሁለቴ ይበቃል፣ አንዴ ደረት ላይ ከሸሚዝ ስር፣ አንዴ አንገት ጀርባ፣ ታክሲ ውስጥ አጠገባችሁ ሚቀመጠውን ሰው አስቡለት። ነጭ ነጠላ ወይ ጋቢ ላይ ግን አትርጩ፣ ጠቆር ያለው ሽቶ ቢጫ ነገር ይተዋል፣ የእናቴን ነጠላ እንደዛ አድርጌባት እስካሁን ይቆጨኛል። ሙቀት ደሞ ጠረኑን ያወጣዋል፣ ድሬዳዋ ላይ አንዴ ሚበቃችሁ አዲስ አበባ ሐምሌ ላይ ሦስቴ ሊፈልግ ይችላል።

የእህቴ ስጦታ አሁን ግማሽ ደርሷል፣ ፀሐይ እንዳይነካው ቁምሳጥን ውስጥ ነው ማስቀምጠው። ባለቤቴም ከሱ ነው ምትቀባው፣ እሷ ላይ ጽጌረዳው እስከ ማታ ጎልቶ ይቆያል፣ እኔ ላይ ከምሳ በኋላ እንጨቱ ይበልጣል፣ ጠርሙሱ ግን አንድ ነው።