ቻናል መያዝ፦ የፖድካስት ስርጭት በመሀል አዲስ አበባ

መሀል አዲስ አበባ ውስጥ ፖድካስት የሚሠራ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን አይደለም። እሱ ማይክ ፊት ተቀምጦ ያወራል። የተወራውን ተቀብሎ ድምፁን የሚያጸዳ፣ ርዕስ የሚሰጥ፣ አፕሎድ የሚያደርግ፣ ሊንኩን የሚበትንና አድማጭ የሚያመጣ ሌላ ሰው አለ። ሥራው "ቻናል መያዝ" ይባላል። ሠራተኛው ግን እስካሁን ወግ ያለው የሙያ ስም አላገኘም። ባለ ፖድካስቶቹ "ቻናሉን የሚይዝልን ልጅ" ይሉታል። ዕድሜው 40 ቢያልፍም ልጅ ነው።

ለዚህ ብሎ ቢሮ የሚከፍት ጥቂት ነው። ብዙው ከፎቶ ቤት፣ ከቪዲዮ ኤዲቲንግ ወይም ከማስታወቂያ ሥራ ጋር ደርቦ ይይዘዋል። ፒያሳ፣ አራት ኪሎ፣ ካዛንቺስና ሜክሲኮ አካባቢ ሕንፃ ላይ ወጥቶ አንድ ክፍል ውስጥ ላፕቶፕ፣ የጆሮ ማዳመጫና የእንቁላል ትሪ የተለጠፈበት ግድግዳ ያየ ሰው ምናልባት ከእነሱ አንዱን አግኝቷል። (የእንቁላል ትሪ ድምፅ አያፍንም። ወፍራም ብርድ ልብስ ይሻላል። ይህን ስንት ጊዜ ተናግረናል።)

ዓመታቱ "እ.ኤ.አ." ካልተባለ በስተቀር በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ስሙ

"ፖድካስት" የሚለውን ቃል እ.ኤ.አ. በ2004 ቤን ሃመርስሊ የተባለ ጋዜጠኛ ዘ ጋርዲያን ላይ በጻፈው ጽሑፍ ነው የተጠቀመበት። በዓመቱ አፕል ፖድካስትን በሙዚቃ መተግበሪያው በአይቲዩንስ ውስጥ አስገባ። በቴክኒክ ቋንቋ ፖድካስት ማለት ፌድ ያለው ድምፅ ነው። ፌድ የክፍሎቹን ርዕስ፣ ቀንና የድምፅ ፋይሉን አድራሻ የያዘ ዝርዝር ነው። አዲስ ክፍል ሲጨመርበት መተግበሪያዎቹ ራሳቸው መጥተው ያነቡታል።

አዲስ አበባ ላይ ይህን ትርጉም የሚከተል እምብዛም የለም። የከተማው አድማጭ ፖድካስት የሚያውቀው በዩቲዩብና በቴሌግራም ነው። ስለዚህ "ፌድ የሌለው ፖድካስት አይባልም" የሚሉ አሉ፤ "ታዲያ ምን ይባል?" የሚሉም አሉ። የሰፈሩ ሰው ክርክሩን ከዘጋው ቆይቷል፦ ሁለት ወንበር፣ ሁለት ማይክና ረጅም ወሬ ካለ ፖድካስት ነው። የመጀመሪያው የአማርኛ ፖድካስት የቱ ነው የሚለውም መልሱ በዚሁ ትርጉም ላይ ይንጠለጠላል። እዚህ አንገባበትም።

ከሸክላ እስከ ሚሞሪ

ድምፅ አባዝቶ መበተን ለፒያሳ አዲስ ነገር አይደለም። እንዲያውም ከፒያሳ በላይ ይህን ሥራ የሚያውቅ ሰፈር አለ ማለት ይከብዳል። ሸክላ የማሳተም መብት የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ በነበረበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ እሸቴ በራሱ ተነሳ። አምሃ ሪከርድስን አቋቁሞ ሸክላ ማውጣት ጀመረ። ፈቃድ ሳይጠብቅ ነው የገባበት። ሸክላው የሚታተመው ውጭ አገር ነበር፤ አድማጩ እዚህ። ዛሬ ፖድካስታችን የሚቀመጠው ባሕር ማዶ ባለ ሰርቨር ነው፤ አድማጩ ያው እዚህ።

ካሴት ሲመጣ ሙዚቃ ቤቶች በረከቱ። ማሕሙድ ሙዚቃ ቤት የፒያሳ ምልክት እስከመሆን ደረሰ። ዋናው ካሴት ገበያ ላይ በዋለ ማግሥት ቅጂው ይከተል ነበር። ይህን ሌብነት የሚሉት አሉ፤ ልክ ናቸው። ግን ካሴቱን ከአዲስ አበባ አውጥቶ ገጠር ያደረሰውም ያው ቅጂ ነው። ከዚያ የሚሞሪ ካርድ ዘመን መጣ። "ዘፈን እንጭናለን" የሚል ወረቀት የለጠፈ ልጅ ኮምፒውተሩን ከፍቶ ይቀመጣል። ደንበኛው ስልኩን ይሰጣል፣ የሚወደውን ይናገራል፣ ልጁ ደግሞ ያልጠየቀውንም ይጨምርለታል። "ይሄን ስማው፣ ትወደዋለህ።" ዛሬ የዩቲዩብ ማሽን የሚሠራውን ሥራ ያኔ ያ ልጅ በቃሉ ይሠራው ነበር። ቻናል ከሚይዙት አንዳንዶቹ የመጡትም ከዚያው ወንበር ነው።

ረጅም ወሬ ቁጭ ብሎ መስማትም ከሬዲዮ የተወረሰ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ልብ ወለድ ሲተርክ የሰማ ትውልድ ለአንድ ሰዓት ድምፅ አይሰለችም። ሸገር ኤፍ ኤም 102.1 በ2000 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ የእሸቴ አሰፋ "መቆያ" ፕሮግራም እስከ ዛሬ በየቴሌግራሙ ይዞራል።

የሥራው ሂደት

መጀመሪያ የፋይል ክብደት ነው። አንድ ሰዓት ድምፅ በሰከንድ በ128 ኪሎቢት 58 ሜጋባይት ገደማ ይመዝናል። በሞኖ (ግራና ቀኙ አንድ በሆነ ድምፅ) 64 ኪሎቢት ሲሆን ወደ 29 ይወርዳል። ለንግግር ልዩነቱ ለጆሮ ብዙም አይሰማም፤ ለፓኬጅ ግን ይሰማል። ቴሌግራም ላይ ቦት (ራሱ መልእክት የሚልክ ፕሮግራም) የሚልከው ፋይል ከ50 ሜጋባይት እንዳይበልጥ የተገደበ ስለሆነ በቦት የሚበትን ሰው ባይወድም መቀነሱ አይቀርለትም።

ቴሌግራም ለምን ተወደደ? ስክሪን ጠፍቶ ይሰማል። ዩቲዩብ ይህን የሚፈቅደው ለሚከፍል ነው። ታክሲ ውስጥ ስልኩን ኪሱ ከትቶ የሚሄድ ሰው ዩቲዩብን እንዴት ይስማ? በዚያ ላይ ቴሌግራም ረጅም ድምፅ የት ላይ እንደቆመ ያስታውሳል፤ ፍጥነቱንም ያስቀይራል። ጉድለቱ ቁጥሩ ነው። ከመልእክቱ ሥር የሚታየው "ዓይን" ስንት ሰው እንዳየው እንጂ ስንት ሰው እንደሰማው አይናገርም። ስፖንሰር ፊት ቀርቦ ይህን ማስረዳት ራሱን የቻለ ሙያ ነው።

ሁለተኛው ፊደል ነው። "ሕይወት" የሚለውን ርዕስ አንዱ በ"ሕ"፣ ሌላው በ"ህ" ይጽፋል፤ "ሂወት" ብሎ የሚፈልግም ሞልቷል። "ፀሐይ"ማ አይነሳ። መፈለጊያው ሞክሼ ፊደል ሁሉ አንድ መሆኑን ሁልጊዜ አያውቅም። ብዙ አድማጭ ደግሞ አማርኛውን በላቲን ፊደል ነው የሚፈልገው። ስለዚህ ጎበዝ ቻናል ያዥ ርዕሱን በትክክለኛው ፊደል ይጽፍና መግለጫው ውስጥ ሌሎቹን አጻጻፎች ይበትናል። የአማርኛ መምህራን ቢያዩት ያዝናሉ። ይሠራል ግን።

ሦስተኛው ሰዓት ነው። ሁሉም ማሰራጫ ቀጠሮ የሚይዘው በፈረንጅ ሰዓት ነው። ይህን ጽሑፍ ያጠናቀረው ሰው አንድ ጊዜ "ማታ 2 ሰዓት ይውጣ" የተባለለትን ክፍል 2:00 ብሎ አስገባ። ክፍሉ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ወጣ። ጠዋት ሲታይ 11 ሰው ሰምቶታል፤ ሁሉም ውጭ አገር ያሉ። ባለቤቱ ለሁለት ቀን ስልክ አላነሳም።

አራተኛው፣ ብዙ ጠብ የሚያመጣው፣ ኢሜይል ነው። ፌዱ የተከፈተው በማን ኢሜይል ነው? እንደ ስፖቲፋይ ያሉ ፖድካስት የሚዘረዝሩ ማውጫዎች ባለቤትነት የሚያረጋግጡት ፌዱ ላይ ወደተጻፈው ኢሜይል ኮድ በመላክ ነው። ልጁ በራሱ ኢሜይል ከከፈተው ሲጣሉ ፖድካስቱም አብሮት ይሄዳል። ወረቀት ላይ የሰፈረ ውል ብርቅ በሆነበት ገበያ ሽማግሌ ተቀምጦ የይለፍ ቃል የተመለሰበት ጊዜ አለ። ምክሩ አጭር ነው፦ ለፖድካስቱ ለብቻው ኢሜይል ክፈቱ፣ የይለፍ ቃሉን ሁለታችሁም ያዙት።

ገንዘብ

የድምፅ ፋይሉንና ፌዱን የሚያኖሩት ማስቀመጫ ድርጅቶች የሚከፈሉት በዶላር ነው። ተራው የብር ካርድ ድንበር አይሻገርም። መፍትሔው የታወቀ ነው፦ ውጭ ያለች እህት። እህት የሌለው ወደ ነፃው ይሄዳል። ስፖቲፋይ እ.ኤ.አ. በ2019 የገዛው ነፃ ማስቀመጫ አንከር በዚህ ምክንያት ለብዙዎች መነሻ ሆኗል፤ ስሙ ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ተቀይሯል። ነፃ ነገር ግን ባለቤቱ ሲሰለቸው ይዘጋል። ጉግል የራሱን የፖድካስት መተግበሪያ እ.ኤ.አ. በ2024 ሲዘጋ ሊንኩን ፖስተር ላይ ያሳተሙ ሰዎች ፖስተራቸውን ይዘው ቀርተዋል።

ገቢው ከአገር ውስጥ ስፖንሰር ይመጣል፤ ክፍያውን ቴሌብር (ከ2013 ጀምሮ) አቅልሎታል።

የ2015 ወራት

ስለዚህ ጊዜ ብዙ የሚባል አለ፤ ያለፍንበት ነውና። ከዚያ በፊትም ኢንተርኔት ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ ያውቃል፤ ከሰኔ 23 ቀን 2012 ጀምሮ ለሦስት ሳምንት ያህል። ያኔ ግን ለሁሉም ጠፋ፣ ሁሉም ቁጭ አለ። የ2015ቱ የተለየ ነበር። በየካቲት መጀመሪያ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ተገደቡ። የተለቀቁት ሐምሌ ላይ ነው። አምስት ወር ገደማ።

በሳምንቱ ከተማው ሁሉ ቪፒኤን (ግንኙነትን በሌላ አገር በኩል አዙሮ ገደብ የሚያልፍ መተግበሪያ) ተማረ። እናቶች ሳይቀሩ "ቪፒኤኑን አብራልኝ" ይሉ ነበር። ለቻናል ያዦች ግን ሌላ ራስ ምታት መጣ። በቪፒኤን የሚገባ አድማጭ አገሩ ሌላ ሆኖ ይመዘገባል። የአዲስ አበባ አድማጭ በአንድ ጊዜ ኔዘርላንድስና ሲንጋፖር ተበተነ። ስፖንሰር "አድማጫችሁ ውጭ ነው እንዴ?" ብሎ ጠየቀ። ቪፒኤኑ ዳታ ይበላል፣ ባትሪ ይበላል፣ አፕሎዱ 90 በመቶ ደርሶ ይቆረጣል። ሌሊት ነቅቶ መጫን የተለመደው በዚያ ጊዜ ነው። ፌድ የነበራቸው ጥቂቶች እፎይ አሉ፤ በስም ከተጠሩት አራቱ ውስጥ የፖድካስት መተግበሪያ አልነበረም። "ፌድ ምን ይሠራል?" ይል የነበረ ሰው ሁሉ በእነዚያ ወራት ፌድ አስከፈተ። ግማሾቹ ሐምሌ ላይ ረሱት።

ሕግ

የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ 1238/2013 የበይነመረብ መገናኛ ብዙኃንንም ይመለከታል። የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ አዋጅ 1185/2012 ለማንም ይሠራል። መግቢያ ላይ ዘፈን ለሚያስገቡ የቅጅ መብት አዋጅ 410/1996 አለ፤ ከአዋጁ በፊት ግን የሰው ዘፈን ለይቶ የሚይዘው የዩቲዩብ ማሽን ይቀድማል።

ቦታው ዛሬ

ከ2016 አጋማሽ ጀምሮ በኮሪደር ልማቱ የፒያሳ ትልቁ ክፍል ፈረሰ፤ ካዛንቺስ ተከተለ። ዕቃቸውን ጠቅልለው ሕንፃ የቀየሩ አሉ፤ ወደ ቤታቸው የገቡም አሉ። የቀሩት በግንባታው ድምፅ መሀል ይቀዳሉ። ድምፅ ማጽጃ ሶፍትዌሩ ለሚያጓራ ማሽን ጥሩ ነው፤ ለመዶሻ አይረዳም። ስለዚህ እንግዳው ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ይጠራል። ቀረጻው የጊዮርጊስ ድምፅ ማጉያና የጎረቤቱ አዛን ሳይጀምሩ ማለቅ አለበት።