የፍግ ገደብ ምንድን ነው?

አንድ አርቢ በዓመት ውስጥ በአንድ ሄክታር መሬት ላይ ከከብት ፍግ ምን ያህል ናይትሮጅን መጨመር እንደሚችል የሚወስን ሕግ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጣው የናይትሬት መመሪያ፣ ውሃቸው ለብክለት በተጋለጠባቸው አካባቢዎች ልኩ 170 ኪሎ ግራም ነው። ከብት ማብዛት የፈለገ፣ ፍጉን የሚችል መሬት ይኑረው ማለት ነው።

ለምን ገደብ አስፈለገ? ላም ከፋጉሎና ከፉርሽካ የምታገኘውን ናይትሮጅን ሁሉ ወተት አታደርገውም። አብዛኛው በእበትና በሽንት ተመልሶ ይወጣል። ሽንትና እበት ሲደባለቁ አሞኒያ ይፈጠራል፤ አፍንጫ የሚሰነፍጠው የበረት ሽታ እሱ ነው። አፈር ውስጥ የገባው ደግሞ ወደ ናይትሬት ይለወጣል። ተክል ካልወሰደው ዝናብ አጥቦ ወንዝና ጉድጓድ ይከተዋል። ናይትሬት የበዛበት ውሃ የጨቅላ ሕፃናት ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር የመጠጥ ውሃ ከ50 ሚሊግራም እንዳይበልጥ የሚለው ለዚህ ነው።

ሕጉን ማዘግየት ዋጋ ያስከፍላል። ኔዘርላንድስ ብክለቱ ወደፊት ይቀንሳል በሚል ተስፋ ለከብት እርባታ ፈቃድ ስትሰጥ ቆየች። እ.ኤ.አ. በ2019 ፍርድ ቤት አሠራሩን ውድቅ አደረገው፤ ገበሬዎችም ተቃውመው በትራክተር የመንግሥቱ መቀመጫ ሄግ ገቡ። ቀስ በቀስ ሊሠራ የሚችለው ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደቀባቸው።

ቁጥሩን ገልብጦ እኛ ጋ ማምጣት ግን አይሠራም። መሃል አዲስ አበባ በግቢው ላም የሚያረባ ሰው ምን ሄክታር አለው? እዚህ መጠየቅ ያለበት ፍጉ የት ይሄዳል የሚለው ነው። እበቱ ተጠፍጥፎ ኩበት ይሆናል፣ ገዢም አለው። ሽንቱና የበረት እጣቢው ግን ቦይ ካገኘ ወደ ግንፍሌ፣ ወደ ቀበና ወንዝ፣ ከዚያም በትልቁ አቃቂ አድርጎ እስከ አባ ሳሙኤል ግድብ ይወርዳል። እምቦጭ እንዲህ ያለ ውሃ ይመቸዋል። በእርግጥ ጥፋቱ የላሞች ብቻ አይደለም፤ የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽም ያንኑ ናይትሮጅን ይዞ ይገባል።

በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ብክለትን በጥቅሉ ይከለክላል። ለአርቢው ግን ዝርዝር ነገር ያስፈልገዋል፦ ፈሳሽ የማያሰርግ የበረት ወለል፣ ሽንት የሚጠራቀምበት ጉድጓድ፣ ፍጉን የሚረከብ አትክልት አምራች። በእኔ እምነት ቅጣቱ ከእነዚህ በኋላ መምጣት አለበት። የሚያጠራቅምበት የሌለውን ቤተሰብ መቅጣት ላሟን ያሸጠዋል እንጂ ወንዙን አያጠራውም።