የነገሥታትን ታሪክ በዘመን ቅደም ተከተል ማንበብ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከዐፄ ቴዎድሮስ እስከ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ያሉትን መሪዎች የሕይወት ታሪክ በየተራው ለማንበብ የሚነሣ ሰው መሐል ላይ ቢደናገር አይገርምም። ዘመኖቹ ይደራረባሉ፣ ስሞቹ ይመሳሰላሉ። ብዙ ጊዜ የሚያሳስቱትን እንያቸው። እ.ኤ.አ. ካልተባለ በቀር ዘመኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

«በነገሡበት ቀን መደርደር ይበቃል»

ለምኒልክ ይህ ጭራሽ አይሠራም። እንጦጦ ላይ ዘውድ የጫኑት ጥቅምት 25 ቀን 1882 ነው። የውጫሌ ውል ግን የተፈረመው ከዚያ ቀደም ብሎ ሚያዝያ 25 ቀን 1881፣ ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ከወደቁ ሁለት ወር ሳይሞላ ነው። እንዲያውም በ1857 ከመቅደላ አምልጠው ሸዋን ከያዙ ጀምሮ ራሳቸውን ንጉሠ ነገሥት ይሉ ነበር፤ ማዕረጉን የተዉት በ1870 ልቼ ላይ ለዮሐንስ ገብረው የሸዋ ንጉሥ ሲባሉ ነው።

ስለዚህ የምኒልክን መጽሐፍ ለሁለት ክፈሉት። እስከ መጋቢት 1881 ያለውን ከዮሐንስ ታሪክ ጋር ጎን ለጎን፣ የቀረውን ከዚያ በኋላ አንብቡ። ልቼ ላይ ስትደርሱ ሁለቱንም መጻሕፍት ግለጡና ማን መልእክት ላከ፣ ማን ምን ተቀበለ፣ ማን ምን ተወ የሚለውን አስተያዩ። የሁለቱ ነገሥታት ግንኙነት ከዚህ የበለጠ የሚገለጥበት ቦታ የለም፤ በጥድፊያ ማለፍ ያሳዝናል።

«ዘውድ ያልጫነ አይቆጠርም»

ልጅ ኢያሱ ዘውድ አልጫኑም። ነገር ግን ወራሽነታቸው በ1901 ታወጀ፤ እንደራሴው ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው በ1903 ካረፉ በኋላ መስከረም 17 ቀን 1909 እስከተሻሩ ድረስ አገሪቱን የመሩት እሳቸው ናቸው። ከምኒልክ በቀጥታ ወደ ዘውዲቱ የዘለለ አንባቢ የወሎው ንጉሥ ሚካኤል በጥቅምት 1909 ሰገሌ ድረስ ለምን እንደዘመቱ አይገባውም፤ የኢያሱ አባት ናቸውና። የሚረሳው ሌላው ዳግማዊ ተክለ ጊዮርጊስ ነው። በቴዎድሮስ ሞት (ሚያዝያ 6 ቀን 1860) እና በዮሐንስ ንግሥ (ጥር 1864) መካከል ያለውን ክፍተት የሚሞላው የእሱ ታሪክ ነው።

«ስም እንደሆነ በንባብ ይለያል»

በ1845 «ደጃዝማች ካሣ» ከተባለ ካሣ ኃይሉ፣ ኋላ ቴዎድሮስ የተባሉት ናቸው። በ1860 ከተባለ ግን ካሣ ምርጫ፣ የኋላው ዮሐንስ ናቸው። በዚህ ላይ ደግሞ የፈረስ ስም ይጨመራል፦ አባ ታጠቅ ቴዎድሮስ፣ አባ በዝብዝ ዮሐንስ፣ አባ ዳኘው ምኒልክ። አንድ ወረቀት ወስዳችሁ ለእያንዳንዱ መሪ የልደት ስም፣ የንግሥ ስምና የፈረስ ስም በአንድ መስመር ጻፉ፤ ወረቀቱ ከመጽሐፉ አይለይ።

«ወደ እኛ አቆጣጠር ለመመለስ ስምንት መቀነስ ነው»

ስምንት የሚቀነሰው ከጥር መግቢያ አካባቢ እስከ ጳጉሜን ነው፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ አካባቢ ሰባት ነው። ቀኑም ቢሆን ይለያያል። የዐድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888፣ እ.ኤ.አ. ማርች 1 ቀን 1896 ነው። ዛሬ ግን የካቲት 23 ማርች 2 ላይ ይውላል፤ እ.ኤ.አ. 1900 በፈረንጆቹ ዘንድ ፌብሩዋሪ 29 ስላልነበረው ነው። ለ19ኛው ክፍለ ዘመን ቀኖች የዛሬውን ልዩነት የተጠቀመ ሰው አንድ ቀን ይስታል።

«ከቤተ መንግሥት የወጣ ዜና መዋዕል እማኝ ስለሆነ አይሳሳትም»

የምኒልክን ዜና መዋዕል የጻፉት ገብረ ሥላሴ የንጉሡ ጸሐፌ ትእዛዝ ነበሩ። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ለሹመት፣ ለጉዞ መስመርና ለዕለታት ይታመናል። የጠብ መነሻና የሽንፈት ምክንያት ላይ ሲደርስ ግን የተቃራኒውን ወገን ሳያዩ ማለፍ አይገባም።

«ወደ ኋላም ቢሆን በንጉሥ ዝርዝር መሄድ ይቻላል»

ዘመነ መሳፍንት ላይ ዝርዝሩ ይከዳል። ፍጻሜ መንግሥት የተባሉት ተክለ ጊዮርጊስ ብቻ ስድስት ጊዜ ዙፋን ላይ ወጥተው ወርደዋል። ሥልጣኑ በእንደራሴዎቹ እጅ ስለነበር ለዚህ ዘመን የየጁ ራሶችን ተከተሉ፤ የጎንደሩን ንጉሥ ስም በኅዳግ መመዝገብ ይበቃል።