የውስኪ ቅምሻ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ትምህርታዊ የሲንግል ማልት (በአንድ ማምረቻ ከገብስ ብቅል ብቻ የተሠራ ውስኪ) ቅምሻ ሲታሰብ ገንዘቡ በአብዛኛው የሚሄደው ለአዳራሹና ለጠርሙሱ ነው። እንግዳው ተምሮ መውጣት አለመውጣቱን የሚወስኑት ግን ቅደም ተከተሉ፣ መጠኑና ውሃው ናቸው።

«ከትንሹ ዕድሜ ወደ ትልቁ ማቅረብ ነው»

ደረጃውን የሚያወጣው ዕድሜ ሳይሆን የጣዕሙ ኃይል ነው። የስኮትላንዷ አይላ ደሴት በምትታወቅበት ውስኪ፣ ብቅሉ ሲደርቅ በፒት ጭስ ይታጠናል፤ ፒት ከረግረግ መሬት ተቆፍሮ የደረቀ የዕፅዋት ብስባሽ ነው። በወይራ የታጠነ ዕቃ ወተቱን እንደሚለውጠው፣ ይህም ጭስ አፍንጫን ይይዛል። የአይላው ጭሳማ ውስኪ፣ የ10 ዓመቱ ላፍሮይግ፣ ከቀደመ፣ ተከትሎት የሚመጣው የ18 ዓመት ለስላሳ ውስኪ ውሃ ውሃ ይላል፤ እንግዳውም ውዱን ጠርሙስ ንቆ ይሄዳል። ቦርቦን (የአሜሪካ ውስኪ) በነበረበት በርሜል የቆየውንና አልኮሉ 40 በመቶ የሆነውን አስቀድሙ፤ ሼሪ (አልኮል የተጨመረበት የስፔን ወይን) በነበረበት በርሜል የቆየው ይከተል፤ በውሃ ሳይቀጥን የታሸገው ከዚያ ይምጣ፤ ጭስ ያለው ይዝጋው።

«የጠቆረው የቆየው ነው»

የስኮትላንድ ውስኪ የሚመራበት ሕግ ለቀለም ካራሜል መጨመርን ይፈቅዳል። ሼሪ የነበረበት በርሜልም ገና በመጀመሪያው ሙሌት ውስኪውን ያጠቁረዋል። መለያው ላይ ያለው ዕድሜ በድብልቁ ውስጥ የትንሹ ነው፤ ጠርሙስ ውስጥ የሚያልፈው ዓመት ደግሞ አይቆጠርም። ሁለት ብርጭቆ በፎይል ጠቅልሎ «በዕድሜ የትኛው ይበልጣል?» ብሎ መጠየቅ ከረጅም ማብራሪያ ይሻላል።

«ውሃ ያበላሸዋል»

መጀመሪያ እንዳለ ይሸተት፤ ከዚያ ውሃ ይጨመር። 46 በመቶ የሆነ 15 ሚሊ ሊትር ውስኪ ላይ 8 ሚሊ ሊትር ውሃ ሲጨመር ወደ 30 በመቶ ይወርዳል፤ አልኮሉ አፍንጫን መውጋቱን ሲተው ፍሬውና ቫኒላው ብቅ ይላል። ውሃው ጋዝ የሌለው ይሁን። አምቦ ውሃ ጋዙና ማዕድኑ ጣዕሙን ስለሚቀይሩት ለዚህ አይሆንም። ሳይቀዘቅዝ የተጣራ ውስኪ ውሃ ሲነካው ቢደፈርስ የተበላሸ አይምሰላችሁ፤ አልኮሉ ሲቀንስ በውስጡ ሟሙተው የነበሩ ቅባት ነክ ውህዶች ስለሚለዩ ነው።

«ቡና ማሽተት አፍንጫን ያድሳል»

ቡና ሽታው ላይ ሌላ ሽታ ይጨምራል እንጂ አያጸዳም። የራስን እጅጌ ማሽተትና ውሃ መጎንጨት ይበቃል። አዲስ አበባ ውስጥ አዳራሹ ጥግ ላይ ቡና መቁላትና ዕጣን ማጨስ ደስ የሚል መስተንግዶ ነው፤ ግን ቅምሻው ካለቀ በኋላ ይሁን። በርበሬ ያለው ምግብም እንደዚያው ይቆይ። በርበሬና አልኮል አፍ ውስጥ የሚቀሰቅሱት ያንኑ የማቃጠል ስሜት ተቀባይ ስለሆነ፣ ተከታትለው ሲመጡ ጣዕሙ ይጠፋል፤ ማቃጠሉ ብቻ ይቀራል። እስከዚያው ደረቅ ዳቦ ይቅረብ።

«አቅራቢው ጣዕሙን አስቀድሞ ይንገር»

«ማር ማር ይላል» ከተባለ በኋላ ሁሉም ማር ያሸታል። ለእያንዳንዱ ብርጭቆ 2 ደቂቃ ዝምታ ስጡ፤ እንግዳው ይጻፍ፤ አቅራቢው ከዚያ ይናገር።

«ብዙ ዓይነት፣ ብዙ ትምህርት»

ከ5 በላይ አታቅርቡ። 15 ሚሊ ሊትር ለ5 ጊዜ 75 ይሆናል፤ በአማካይ 43 በመቶ ቢሆን እንኳ ይህ 5 በመቶ አልኮል ካላቸው ሁለት ባለ 330 ሚሊ ሊትር ቢራዎች ጋር ይስተካከላል። ከ700 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ለ46 ብርጭቆ ይቀዳል፤ ለሚፈሰው 2 ተቀናሽ አድርጋችሁ አስሉ። በየወንበሩ መትፊያ ዕቃ ይቀመጥ፤ መትፋት ነውር እንዳልሆነ ከመጀመሪያው ይነገር። የኢትዮጵያ ሕግ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥን ስለሚከለክል መታወቂያ በር ላይ ይታይ።