የሜኖናይት ስደተኛ ቤተሰቦች የዘር ሐረግ ፍለጋና የተወላጆች ጉባኤ

ሜኖናይቶች በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በስዊዘርላንድና በኔዘርላንድስ አካባቢ ከተነሣው የአናባፕቲስት (ዳግም አጥማቂ) እንቅስቃሴ የወጡ ክርስቲያኖች ናቸው። ስማቸውን ያገኙት በ1536 የካቶሊክ ክህነቱን ትቶ ከተቀላቀላቸው ከፍሪስላንዱ ሜኖ ሲሞንስ ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)። ሕፃናትን አያጠምቁም፤ አይምሉም፤ ጦር አያነሡም። በዚህም የተነሣ ከአንዱ ገዥ ግዛት ወደ ሌላው ሲሰደዱ ኖረዋል። ዛሬ በአሜሪካና በካናዳ ያሉ ተወላጆቻቸው ያንን መንገድ ወደ ኋላ እየተከተሉ የአያቶቻቸውን ስም ይለቅማሉ፤ የተበተነውንም ዘመድ ይሰበስባሉ። ሁለቱ ሥራዎች አይነጣጠሉም፤ ከቤተ መዛግብት ያልተገኘ ማስረጃ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በዘመድ ጉባኤ ላይ ነው።

በእርግጥ ሜኖናይትነት እምነት እንጂ ዘር አይደለም። ከዓለም ታላላቅ የአናባፕቲስት አብያተ ክርስቲያናት አንዷ የሆነችው የኢትዮጵያ መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ከአሜሪካዋ ላንካስተር በተላኩ ሚሲዮናውያን ሥራ ብትጀመርም፣ ምእመናኗ ከዚህ የዘር ሐረግ የሚወለዱ አይደሉም። እዚህ የሚነገረው ስለ ስደተኞቹ ቤተሰቦች ብቻ ነው።

ስደቱ ሁለት ዋና መስመሮች አሉት። በስዊዘርላንድ የበርን መንግሥት አናባፕቲስቶችን የሚያድኑ ቅጥረኞች አሰማራ፤ ንብረታቸውን ወረሰ፤ በኤመንታል ባለው በትራክሰልቫልድ ግንብ አሰራቸው። ብዙዎቹ የራይንን ወንዝ ተከትለው በሠላሳው ዓመት ጦርነት ወደተራቆተው የጀርመን ክፍል፣ ወደ ፓላቲኔት ወረዱ፤ ከዚያም ውቅያኖሱን ተሻገሩ። በ1710 ላንካስተር፣ ፔንሲልቬንያ ሰፈሩ፤ በ1719 የተሠራውና በስደተኛው በሃንስ ሄር ስም የሚጠራው የድንጋይ ቤት እስካሁን ቆሟል። የኔዘርላንድሶቹ ደግሞ ዛሬ በፖላንድ ወዳለው፣ በኋላ የፕሩሲያ ግዛት ወደሆነው የቪስቱላ ወንዝ ረግረግ፣ ከ1789 ጀምሮም ያኔ በሩሲያ ሥር ወደነበረው ዛሬ ዩክሬን ወደሚባለው አገር፣ ወደ ኮርቲትሳና ወደ ሞሎችና ሰፈራዎች ሄዱ። የሩሲያ መንግሥት ከውትድርና ነፃ የመሆን መብታቸውን ሊያነሣ ሲነሣ፣ ከ1874 ጀምሮ 18 ሺህ ያህሉ ወደ ካናዳዋ ማኒቶባ፣ ወደ አሜሪካዋ ካንሳስና ወደ አጎራባች ግዛቶች ፈለሱ። ከሩሲያው አብዮት በኋላም በ1920ዎቹ 20 ሺህ ያህል ሌሎች ካናዳ ገቡ። ከካናዳም ወደ ሜክሲኮና ወደ ፓራጓይ የቀጠሉ አሉ።

በአውሮፓ ትውልድ የሚቆጥር ሰው ቀድሞ የሚከፍተው የሕፃናት ጥምቀት መዝገብን ነው። ሜኖናይት ግን የሚጠመቀው አድጎና አምኖ ስለሆነ፣ የልደቱ ቀን አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው በቤተሰብ መጽሐፍ ቅዱስ ባዶ ገጽ ላይ በእጅ ተጽፎ ነው። የቀረው ማስረጃ ከአሳዳጆቻቸው እጅ መገኘቱ ልብ ይነካል፦ የበርን ባለሥልጣናት የቅጣት መዝገብ፣ የተወረሰ መሬትና ከብት ዝርዝር፣ በፓላቲኔት ደግሞ እንዲኖሩ የተፈቀደላቸው ሜኖናይቶች ልዩ ግብር የከፈሉበት ሰነድ። ፔንሲልቬንያ ከ1727 ጀምሮ ከመርከብ የሚወርዱ ስደተኞች ታማኝነታቸውን እንዲያረጋግጡ ስታዝዝ፣ መማል የማይፈቅዱት ቃላቸውን ብቻ ይሰጡ ነበር። ዝርዝሩ ግን በአብዛኛው ከ16 ዓመት በላይ የሆኑ ወንዶችን ብቻ ስለያዘ፣ እናቶችንና ሕፃናትን በኑዛዜ፣ በመሬት ውልና በመቃብር ድንጋይ መፈለግ ግድ ነው።

በሩሲያው መስመር ጉዳቱ ይብሳል፤ በጦርነትና በስታሊን ዘመን ብዙ መዝገብ ጠፍቷል። መምህሩ ፒተር ብራውን በአብዮቱ ዓመታት ያሰባሰበው የሞሎችና ቤተ መዛግብት በ1929 ተወርሶ ለአሥርት ዓመታት እንደጠፋ ሲታመን ኖሮ፣ በ1990 ኦዴሳ ውስጥ ተገኘ። የሰነዶቹ የፊልም ቅጂ (ማይክሮፊልም) ካናዳ ሲደርስ የአያቶቻቸው ዱካ ተቋርጦባቸው ለኖሩ ቤተሰቦች የተስፋ በር ከፈተ።

የስሞቹ ጥቂትነት ሌላ ፈተና ነው። በአንድ መንደር ብዙ ያዕቆቦች፣ ፒተሮችና ካታሪናዎች ይኖራሉ፤ የሞተ ልጅ ስም ለሚቀጥለው ሕፃን ይሰጣል። የቤተሰብ ስሙም አጻጻፍ በየአገሩ ይለወጣል፤ ብሩባኸር የነበረው ብሩቤከር፣ ሜየር የነበረው ሞየር ሆኗል። በፔንሲልቬንያ የእናትን የቤተሰብ ስም ለልጅ መካከለኛ ስም አድርጎ የመስጠት ልማድ መኖሩ ለተመራማሪው ትልቅ እርዳታ ነው። ዛሬ በካሊፎርኒያ የሜኖናይት ታሪክ ማኅበር የሚዘጋጀው ግራንድማ የተባለው የኮምፒውተር መዝገብ ብቻ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎችን አያይዟል፤ ትኩረቱም በሩሲያና በፕሩሲያ በኩል ያለፉት ናቸው።

የዘመድ ጉባኤው አብዛኛውን ጊዜ የሚካሄደው በሰሜን አሜሪካ በጋ (ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ) ነው፤ በእርሻ ቦታ፣ በመናፈሻ ወይም በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ። የትውልዱ ሰንጠረዥ በግድግዳው ላይ ይዘረጋል፤ የመጀመሪያው ስደተኛ ስድስት ልጆች ከነበሩት፣ የእያንዳንዱ ተወላጆች የተለየ ቀለም ያለው የስም ምልክት ደረታቸው ላይ ሊያደርጉ ይችላሉ። አንዲት አሮጊት ሰንጠረዡ ፊት ቆማ ሳታገባ የሞተች አክስቷን ካላገኘች ትናገራለች፤ ሌላው ከሣጥን ያወጣውን ደብዳቤ ያመጣል። እንዲህ ያለው እርማት ተመዝግቦ በሚቀጥለው የቤተሰብ መጽሐፍ ይገባል። ምሳው ከየቤቱ ይመጣል፤ መዝሙሩም ብዙ ጊዜ ያለ ሙዚቃ መሣሪያ በአራት ድምፅ ይዘመራል። በ1693 አሚሾች (ዛሬ በፈረስ ጋሪ የሚጓዙት) ከስዊዝ ወንድሞቻቸው ስለተለዩ፣ በአንድ አያት ስም የተጠሩ ዘመዶች በፈረስ ጋሪም በመኪናም ሊመጡ ይችላሉ። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የተለያዩ ሰዎች በአንድ ማዕድ መቀመጣቸው ለእኔ ከሁሉ ይበልጥ የሚያስደስት ነገር ነው። አንዳንድ ቤተሰቦች ጉዞውን እስከ ትራክሰልቫልድ እስር ቤት ያደርሱታል። የስዊዘርላንዷ የዙሪክ ተሐድሶ ቤተ ክርስቲያንም በ2004 ስለ ቀድሞው ስደት ይቅርታ ጠይቃ፣ አናባፕቲስቶች እንዲሰጥሙ ተደርገው በተገደሉበት በሊማት ወንዝ ዳር መታሰቢያ ድንጋይ ተተክሏል።

በእኛ ዘንድ ሰባት ቤት የሚቆጠረው ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ ነው። እነዚህ ማኅበረሰቦች ግን ከጥቂት መሥራች ቤተሰቦች ተነሥተው ለትውልዶች እርስ በርሳቸው ስለተጋቡ፣ አንዳንድ በዘር የሚተላለፉ ሕመሞች ከሌላው ሕዝብ ይልቅ በርክተውባቸዋል። በላንካስተር የጥንቱን አኗኗር በጠበቁት በነባር ሥርዓት ሜኖናይቶች ዘንድ ሽንቱ የስኳር ሽሮፕ የሚሸትበት ከባድ የሕፃናት በሽታ አንዱ ነው። በ1989 ሐኪሙ ሆልምስ ሞርተን በዚያው በላንካስተር አካባቢ ባለችው በስትራስበርግ የመሠረተው የሕፃናት ክሊኒክ በሽታውን ገና በተወለዱ ቀናት እየለየ በልዩ አመጋገብ ያክማል። የዘር ሐረግ መጻሕፍቱም የትኞቹ ቤተሰቦች አስቀድመው መመርመር እንዳለባቸው ለመለየት ለሐኪሞች ጠቅመዋል።