የድመት ኮሮና፦ ወረቀቱ «ፖዘቲቭ» ስላለ ድመቷን አትቅበሯት

ከኮቪድ ወዲህ ደብረ ማርቆስ ላይ ድመት የታመመችበት ሰው ሁሉ የቫይረስ ሊቅ ሆኗል። በግ ሊያሳክም የመጣው ሳይቀር ያስተምረኛል። እሺ፣ ስለሰለቸኝ፣ እኔ የእንስሳት ሐኪሙ ስለ ድመት ኮሮና የሚሉኝን እየጠቀስኩ መልሱን ልጻፈው።

«ሰው ላይ ይጋባል።» አይጋባም። የኮሮና ቫይረሶች በየወገን ይከፈላሉ፦ የድመቷ አልፋ ከሚባለው ወገን ነው፣ ኮቪድን ያመጣው ቤታ ከሚባለው። ድመት ኮቪድ ከሰው ሊይዛት ይችላል፤ ያ ግን ሌላ ቫይረስ ነው። በዚህ ወሬ ድመቷን ገበያ ዳር ጥሎ፣ አይጥ ጎተራውን ሲጨርሰው ሌላ ድመት የሚለምን ሰው አውቃለሁ።

«ሆዷ የተነፋው አርግዛ ነው።» ይህን ያለኝ ሰውዬ የያዘው ድመት ወንድ ነበር። ሆድ ፈሳሽ ሲቋጥርም ይነፋል፤ እመለስበታለሁ።

«ክትባት ውጋልኝና ይለቃታል።» የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ለዚህ አይሠራም። ለራሱ ለእብድ ውሻው ግን አስከትቡ፣ እባካችሁ።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ፦ «ፒሲአሩ (የቫይረሱን ዘረመል የሚፈልገው የላቦራቶሪ ምርመራ) ፖዘቲቭ ነው፣ አለቀላት።»

ከውጭ አገር ድመቷን ይዛ የገባች ልጅ እንዲህ ያለ ወረቀት አሳየችኝ። እናትየው «ልጄ፣ ሳትሞትብሽ አስወግጃት» እያሉ ነው። ወረቀቱን ሳየው የተመረመረው ዓይነ ምድር ነው። ድመቷ ትንሽ ተቅማጥ ይዟት ነበር፣ በቃ። ሌላው ነገሯ ደህና ነው፤ እንዲያውም ቧጭራኛለች።

ፒሲአር የሚነግራችሁ ቫይረሱ መኖሩን ነው። ቫይረሱ አርኤንኤ ስለሆነ መጀመሪያ ወደ ዲኤንኤ ይገለበጣል፣ ከዚያ የተመረጠች ቁራጭ ትባዛና ትታያለች። ይህ ቫይረስ ደግሞ ብዙ ድመቶች አንጀት ውስጥ ያለ ምንም ችግር ይኖራል። ከተያዙት 100 ድመቶች ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት ላይ ነው፣ ያውም ብዙውን ጊዜ ገና 2 ዓመት ያልሞላቸው ላይ፣ ቫይረሱ እዚያው ሰውነታቸው ውስጥ ተለውጦ ነጭ የደም ሴል ውስጥ መራባት የሚጀምረውና ኤፍአይፒ የሚባለውን ገዳይ በሽታ የሚያመጣው። ስለዚህ ሆዷ ውስጥ ውሃ ከቋጠረ የሚመረመረው እሱ ፈሳሽ ነው። በኤፍአይፒ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ቢጫና የሚዝለገለግ ነው። እዚያ ውስጥ ቫይረሱ ከተገኘ ያኔ እንነጋገራለን።

«ዓይነት 2 ነው ገዳዩ» የሚሉም አሉ። የድመት ኮሮና ዓይነት 1 እና 2 የሚለዩት ስፓይክ በሚባለው፣ ቫይረሱ ሴል ላይ የሚጣበቅበትን ክፍል በሚሠራው ዘረመል ነው፤ 2ኛው የድመትና የውሻ ኮሮና ተዳቅለው የወጣ ነው። ሁለቱም ኤፍአይፒ ያመጣሉ፤ በብዛት የሚገኘው እንዲያውም 1ኛው ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ቆጵሮስ ላይ ድመት የፈጀው ሌላ ድቅል ነበር፤ እሱ ከተለመደው ኤፍአይፒ በተለየ ከድመት ወደ ድመት በቀጥታ ይዛመት ነበር።

«ኤፍአይፒ መድኃኒት የለውም» ደግሞ ያረጀ ወሬ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ተመራማሪዎች፣ እነ ኒልስ ፔደርሰን፣ ጂኤስ 441524 የተባለውን መድኃኒት ለ12 ሳምንት ሰጥተው አብዛኞቹን ድመቶች አድነዋል።

ናሙና ስትልኩ በረዶ ባለው ሳጥን ይሁን፣ አርኤንኤ ሙቀት ላይ ይበላሻል። ድመቶቻችሁ የሚጸዳዱበትን አፈር ቶሎ ቶሎ ቀይሩ፣ የሚተላለፈው በዚያ ነው። ትኩሳት አላት ብላችሁ ደግሞ ፓራሲታሞል እንዳትሰጧት። ከኮሮናው በፊት እሱ ይገድላታል።